ከቦዳ መስክ እስከ ብሔራዊ ቴአትር፦ መድረክን ሸንጎ ያደረገው ጸጋዬ ገብረ መድኅን

አምቦ፦ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወራሪው የፋሺስት ጦር አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ገደለ። ከዚያ በኋላ 19 ቀናት ብቻ ተቆጥረው፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ከመዲናዋ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአምቦ አካባቢ በምትገኘው ቦዳ በተባለች የገጠር መንደር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ያ ልጅ አድጎ የጳጳሱን የመጨረሻ ሰዓት በመድረክ ላይ ዳግም ሕያው ያደረገ ጸሐፌ ተውኔት፣ የአገሪቱን ታላቅ ቴአትር ቤት የመራ አዘጋጅ፣ ስሙ ሲጠራ ሎሬት የሚለው ማዕረግ የማይለየው ባለቅኔ ሆነ። ይህ ሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው።

ስለ ጸጋዬ ሲወራ ቅኔው ይቀድማል። በአንጻሩ ከቅኔው ባልተናነሰ ዕድሜውን የሰጠው ለመድረክ ነበር። የተውኔት ድርሰቶቹ ከሠላሳ ይበልጣሉ። ተርጉሟል፣ አዘጋጅቷል፣ ቴአትር ቤት አስተዳድሯል፣ በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት እንዲጀመር ደክሟል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሐሳብ ሳይቋረጥ ይታያል። ቤተ መንግሥቱ ለክብር በዓል ያሠራውን መድረክ ጸጋዬ እንደ ሸንጎ ተገለገለበት። በትውልድ አገሩ በምዕራብ ሸዋ ሽማግሌዎች በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ያያሉ፤ ባለጉዳዩ ሁሉ ቀርቦ ይናገራል። የጸጋዬ መድረክም እንዲሁ ንጉሡንና የቀን ሠራተኛውን፣ ጳጳሱንና እናቱን፣ ሙታኑንና ሕያዋኑን እያቆመ የሚያናግር ነበር። ዋጋ ያስከፈለውም ይኸው ነው።

የሁለት ልሳን ልጅ

ጸጋዬ በአባቱ ኦሮሞ፣ በእናቱ አማራ ነው። ልጅነቱ በሁለቱም ልሳን መካከል አለፈ። እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከብት ጠብቋል፤ እንደ ቤተ ክህነት ተማሪም ግዕዝን ቀስሟል። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ፊደልና ዜማ፣ ከሰዓት በኋላ በመስክ የእረኛ ዘፈን፣ ማታ በእሳት ዳር የሽማግሌዎች ተረት የሚሰማበት አስተዳደግ ነበር። በኋላ በተውኔቶቹ ውስጥ የሚሰማው ከባድና ጥልቅ ቋንቋ፣ የግዕዙ ክብደት ከገጠሩ ንግግር ጋር የተዋሐደበት አማርኛ፣ መነሻው ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ጊዜ አምቦ ሀገረ ሕይወት በሚል ስምም ትጠራ ነበር። ፍል ውኃዋና ጠበሏ ከቅርብም ከሩቅም ሕመምተኛውንም መኳንንቱንም ይስቡ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው መንገድም በከተማዋ ያልፋል። የቦዳው ልጅ ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው በዚህች ከተማ ሲሆን ተውኔት መጻፍ የጀመረውም ገና በአንደኛ ደረጃ ተማሪነቱ ነበር። ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው የልጅነት ተውኔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመታየት በቃ።

ይህ አጋጣሚ የሕይወቱን ሙሉ ታሪክ በትንሹ የያዘ ይመስላል። አንድ የገጠር ተማሪ ስለ ንጉሥ ይጽፋል፤ ንጉሥም ተቀምጦ ይመለከተዋል። ጸጋዬ ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ለተለያዩ ገዢዎች ያንኑ አደረገ። ልዩነቱ፣ በልጅነቱ የተቸረው ጭብጨባ ኋላ ላይ ሁልጊዜ የማይገኝ መሆኑ ነበር።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲማር ድምፅ አልባ ትወና ማረከው። ያለ አንዲት ቃል፣ በእጅ፣ በፊትና በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ታሪክ የሚነገርበት ይህ ጥበብ በቃላት ባለጸግነቱ ለሚታወቅ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጸጋዬ ገና በወጣትነቱ የተረዳው ነገር ነበር፤ ተውኔት ቆሞ ከሚነበብ ግጥም የሚለየው በተዋናዩ አካል ነው።

ከሕግ ወደ መድረክ

ቀጥሎ የተከተለው መንገድ ከመድረክ የሚያርቀው ይመስል ነበር። በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ ቺካጎ ከሚገኘው የብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቀ። የሕግ ምሩቅ በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ዳኝነት ወይም ከፍ ያለ የመንግሥት ሹመት ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። እርሱ ግን ያገኘውን የትምህርት ዕድል ይዞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በለንደኑ የሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሙከራ ቴአትርንና የመድረክ ጥበብን አጠና።

የሙከራ ቴአትር የሚባለው ምንድን ነው? ባጭሩ፣ ተውኔት እንዲህ ብቻ ነው የሚቀርበው ከሚለው ልማድ ወጥቶ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሩሲያ ሜየርሆልድ የተባለው አዘጋጅ ተዋንያኑን እንደ ስፖርተኛ በአካል እያሠለጠነ፣ መድረኩን የእውነተኛ ቤት አምሳያ ከማድረግ ይልቅ በመሰላልና በመወጣጫ እየሞላ፣ ተመልካቹ ቴአትር እያየ መሆኑን እንዳይዘነጋ አደረገ። በጀርመን ብሬሽት ደግሞ ተመልካቹ በስሜት ተውጦ እንዳይቀር፣ ይልቁንም እያየ እንዲያስብና እንዲፈርድ የሚያስገድድ ተውኔት ጻፈ። ሙከራው አደጋም ነበረው፤ ሜየርሆልድ በስታሊን ዘመን ቴአትር ቤቱ ተዘግቶበት፣ ታስሮ፣ በ1940 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተረሸነ። ጸጋዬ የደረሰበት የሮያል ኮርት ቴአትርም በወቅቱ ስለ ተራ ሰዎች ኑሮና ቁጣ የሚጽፉ ወጣት እንግሊዛውያን ደራስያን መናኸሪያ ነበር። በአንጻሩ ኮሜዲ ፍራንሴዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ፣ የሞሊየርን ውርስ የጠበቀ ቤት ነው። እንግዲህ ወጣቱ ኢትዮጵያዊ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም አየ፦ አዲሱን የሚሞክረውንና አሮጌውን የሚጠብቀውን።

የበዓል አዳራሽ ሸንጎ ሲሆን

ወደ አገሩ የተመለሰው የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከተደረገበት ጊዜ ሳይርቅ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የኪነ ጥበብ ኃላፊነት ተሰጠው። በዚያም አሥር ዓመት ያህል ቆየ።

ያ ቤት ከጅምሩ የክብር ቤት ነበር። ሕንፃውን ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር፤ በኋላ ተሠርቶ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በተከበረበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታዩት ተውኔቶች በአብዛኛው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከነገሥታት ታሪክ የተቀዱ፣ ግብረ ገብ የሚያስተምሩ፣ ተዋናዩ ቆሞ ረጅም ንግግር የሚያሰማባቸው ነበሩ።

በኢትዮጵያ መድረክና መንበር እንዳይተማመኑ ያደረገው ታሪክ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ተመርኩዘው የጻፉት የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት መኳንንቱን ስላስቆጣ ታግዶ ነበር። የኢትዮጵያ ቴአትር የተወለደው ከእገዳ ጋር ነው ማለት ነው። ጸጋዬ ይህን ሳያውቅ አልገባበትም።

በዚህ የክብር መድረክ ላይ ጸጋዬ ያወጣቸው ሰዎች እንግዶች ነበሩ። በ1950ዎቹ ከጻፋቸው ሥራዎች መካከል ታዋቂው «የከርሞ ሰው» የአዲስ አበባን የድኾች መንደር ኑሮ ያሳያል። ነገሥታትና ቅዱሳን በለመዱት መድረክ ላይ ጎጆ ውስጥ የሚኖር፣ ነገ ምን እንደሚበላ የማያውቅ፣ ተስፋውን ለከርሞ ያሳደረ ሰው ቆሞ ተናገረ። ርዕሱ ራሱ ለገበሬ ልጅ ቅርብ ነው። ዘንድሮ ያልሆነለት ሰው ለከርሞ ይላል፤ ከርሞ ደግሞ ሲመጣ ዘንድሮ ይሆናል። «የደም አዝመራ»፣ «እሾህ አክሊል»፣ «በልግ»፤ የሌሎች ተውኔቶቹም ስሞች ከመሬትና ከወቅት፣ ከእሾህና ከአዝመራ የተወሰዱ ናቸው።

ከዚህ ጎን ለጎን የዓለምን ታላላቅ ተውኔቶች ወደ አማርኛ መለሰ። ከሼክስፒር «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን፤ ከፈረንሳዊው ሞሊየርም ሃይማኖተኛ መስሎ ቤት የሚያፈርሰውን የታርቱፍን ታሪክና በዱላ ተገድዶ ሐኪም የሆነውን የእንጨት ቆራጭ ቀልድ አመጣ። ትርጉሞቹ ቃል በቃል የተገለበጡ ሳይሆኑ ዳግም የተጻፉ ናቸው። የአማርኛ ግጥም በብዛት የሚጓዝበት ወል ቤት ለሼክስፒር ረጅም ሐሳብ ስለሚጠብብ ጸጋዬ ከዚያ ረዘም ያለ ስንኝ አበጀ። የሥነ ግጥም ሊቃውንት ይህን አመታት ዛሬ የጸጋዬ ቤት ብለው ይጠሩታል። ለተዋናይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ትንፋሽን መቆጠብ፣ ስሜቱን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ ስንኙ ሳያልቅ አለመውደቅ ያስፈልገዋል።

ሥልጣንን በጉልበት ስለ ያዘ ንጉሥ፣ ስለ ሚያማክረው ሹም፣ ስለ ሚጠራጠር አልጋ ወራሽ የሚያወሩ ተውኔቶች ከመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ማግስት በአማርኛ መታየታቸው ተመልካቹ ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር አልነበረም። የኤልሲኖር ቤተ መንግሥት ሩቅ ነው፤ በአማርኛ ሲናገር ግን ይቀርባል። ሳንሱር የዚያን ዘመን ጸሐፊ ሁሉ ጥላ ነበርና ከጸጋዬም አልራቀም።

በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ሳለ፣ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበለ። ከእርሱ በፊት ይህን ሽልማት ካገኙት መካከል እነ ከበደ ሚካኤል ይገኙበታል። ሎሬት የሚለው መጠሪያ ከስሙ ጋር የተጣበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የኦዳው ዛፍ በእንግሊዝኛ

ጸጋዬ በእንግሊዝኛም ጽፏል። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የኦዳው ዛፍ ንግርት ተውኔቱ ለትውልድ ቀዬው ሰዎች ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሻንካ የተባለ ጎበዝ ንግርቱ በመረጠለት መሠረት ኡኩቴ የተባለችውን ልጅ ያገባል። ነገር ግን የበኩር ልጃቸው ለአባቶች መንፈስ መሥዋዕት እንዲሆን ታዝዟል። ሻንካ ልጁን ላለመስጠት ሲል ልጁ ጭራሽ እንዳይፀነስ ይወስናል፤ ሚስቱንም አይቀርባትም። ብቸኝነት ያንገላታት ኡኩቴ፣ ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ኖሮ ሌላ እምነት ይዞ ከተመለሰው ከባሏ ወዳጅ ከጎአ ዘንድ ማጽናኛ ታገኛለች። ትፀንሳለችም። ሁለቱ ወዳጆች በፍልሚያ ይገናኛሉ፤ ጎአ ይሞታል፤ እርሷም በምጥ ታልፋለች።

ይህን ተውኔት ስናነብ ጸጋዬ ፍርዱን ለማን እንደ ሰጠ በቀላሉ አናውቅም። ባህሉን አይንቅም፣ አዲሱንም እምነት አያወድስም። በሕዝቡ ፍርሃትና በግለሰቡ ፍቅር መካከል ያለውን ገደል ያሳያል፤ ከዚያ ተመልካቹን በሸንጎው መካከል ያስቀምጠዋል። ለኦሮሞ ኦዳ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ሕግ የሚወጣበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ምርቃት የሚወርድበት ሥፍራ ነው። ጸጋዬ ያንን ዛፍ በዓለም አንባቢ ፊት ሲተክል ከአምቦ አካባቢ የወጣ ሰው ብቻ ሊያደርገው የሚችለውን አደረገ።

በነዚሁ ዓመታት እይታው ወደ መላው አፍሪካ ሰፋ። በ1966 በዳካር በተካሄደው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ በዓልና በ1969 በአልጀርስ በተደረገው የመላ አፍሪካ የባህል በዓል ተሳተፈ። በዳካር ዩኒቨርሲቲም በተመራማሪነት ቆይቷል። የጥንቷን ግብፅ ሥልጣኔ ከጥቁር አፍሪካ ጋር በማያያዝ ከሚታወቀው ሴኔጋላዊ ምሁር ሼክ አንታ ዲዮፕ ጋር ተቀራርቦ ሠርቷል። ዓባይና ግብፅ፣ የአክሱምና የጥንት አፍሪካ አማልክት ደጋግመው በግጥሙ ውስጥ የሚመላለሱት ከዚህ የተነሣ ነው።

አብዮትና እገዳ

1966 ዓ.ም. ሲደርስ አገሪቱ ተናወጠች። በወሎ ረኃብ ሕዝብ አለቀ፤ በዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ሲጮኽ የነበረው የመሬት ላራሹ ጥያቄ ገጠሩን አዳረሰ። የጸጋዬ የግጥም መድበል «እሳት ወይ አበባ» የታተመው በዚያው ሰሞን ነው። «ሀ ሁ በስድስት ወር» የተሰኘው ተውኔቱም ከአብዮቱ ጋር አብሮ ወጣ። ርዕሱ ከየካቲት ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ወረዱበት ጊዜ ያለፉትን ወራት ያስታውሳል፤ አንድ ሕዝብ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ነፃነትን ከሀ ሁ የጀመረበትን ጊዜ ማለት ነው። ተመልካች አዳራሹን ሞላ። የአባቶቹ ጪሰኝነት፣ የእናቶቹ እንባ፣ የራሱ ቁጣ በመድረክ ሲነገር የሰማ ሕዝብ ቴአትር የመኳንንት መዝናኛ ብቻ አለመሆኑን አወቀ።

ቀጥሎ የብሬሽትን ዝነኛ ተውኔት፣ በጦርነት መካከል በጋሪ እየነገደች ልጆቿን አንድ በአንድ የምታጣውን እናት ታሪክ፣ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ «እናት ዓለም ጠኑ» አለው። ተውኔቱ ሲነሣ ጦርነት ገና የአገሪቱ ዋና ሕመም ሊሆን ነበር። ከጦርነት ትርፍ እናገኛለን የሚሉ ሁሉ ልጆቻቸውን ይከፍላሉ የሚለው የብሬሽት ሐሳብ በቀጣዮቹ 17 ዓመታት በእያንዳንዱ የኢትዮጵያ መንደር እውነት ሆኖ ታየ። በምዕራብ ሸዋም ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ያልሰጠ ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አዲሱ መንግሥት በመጀመሪያ አቀረበው። ጸጋዬ የብሔራዊ ቴአትር ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ለአጭር ጊዜም የባህልና ስፖርት ምክትል ሚኒስትርነት ሹመት ተሰጠው። ሆኖም ሸንጎ ሁሉንም ወገን የሚያናግር ነውና ደርግ በሸንጎው መቆም አልወደደም። ተውኔቶቹ እየታገዱ ሄዱ፤ «ጋሞ» ከታገዱት አንዱ ነው። ጸጋዬ ራሱም ታሰረ። ቀድሞ ዘውዱን አላስደሰተም፤ አሁን ደግሞ አብዮቱን አላስደሰተም።

ሥራ ሲከለከል ሌላ ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ከደከሙት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ተዋናይ የሚሆነው ተሰጥዖ ያለው፣ ከቴአትር ቤት ወደ ቴአትር ቤት እየተዘዋወረ በልምድ የተማረ ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ ትወና፣ ዝግጅት፣ የተውኔት ድርሰት በዲግሪ ደረጃ የሚጠና ሙያ ሆነ። ዛሬ በመድረክ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከሚታዩት በርካታ ባለሙያዎች ጀርባ ያ ትምህርት ክፍል አለ። እገዳ አንድ ተውኔት ያስቆማል፤ ትምህርት ቤት ግን ከአንድ ተውኔት በላይ ያፈራል።

ነገሥታቱና ጳጳሱ

ጸጋዬ ታሪካዊ ሰዎችን ወደ መድረክ ሲያወጣ ሐውልት አላደረጋቸውም። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ፣ በኋላም በአማርኛ ጽፏል። ስለ ምኒልክም ጽፏል። በሮም አደባባይ በሰይፍ የተዋጋው ኤርትራዊው ዘርዐይ ደረስ የተውኔቱ ባለ ታሪክ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ግን በሕዝብ ልብ የቀረው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው።

ተውኔቱ ጳጳሱ ወደ ሞት ከመሄዳቸው በፊት ያለችውን ሰዓት ይይዛል። ጸጋዬ የሚያሳየን ፍርሃት የማያውቅ ቅዱስ ሳይሆን ሕዝቡን እያሰበ የሚጨነቅ፣ እናት አገሩን የሚጣራ፣ ከራሱና ከፈጣሪው ጋር የሚሟገት ሰው ነው። ሞቱ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ ጭንቀት በኋላ ነው። የዚህን ተውኔት ያህል ኢትዮጵያዊ ተዋናይን የሚፈትን ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የአገር ሸንጎ ይሆናልና። የጸጋዬን በርካታ ተውኔቶች ያዘጋጀው አባተ መኩሪያ እንዲህ ላሉ ሥራዎች ትልቅ ሸክም የተሸከመ ባለሙያ ነበር። ጸሐፊውና አዘጋጁ የተገናኙበት ጊዜ የኢትዮጵያ ቴአትር ከፍታ ተብሎ የሚወሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጸጋዬ እንደገና ብዕሩን አነሣ። «ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ» በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ የርዕሱ መልእክት ግልጽ ነበር። «ሀ ሁ በስድስት ወር» የፊደልን መጀመሪያ ይዞ ነበር፤ አዲሱ ተውኔት መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጋጥሞ አማራጭ አቀረበ። ወይ ከሀ እንጀምራለን፣ ወይ ከፐ ላይ እናበቃለን፤ ወይ ተነጋግረን እንኖራለን፣ ወይ ተበላልተን እንጠፋለን። ጸጋዬ ለሰብአዊ መብትና ሐሳብን በነፃ ለመግለጽ ባደረገው ትግልም ሂውማን ራይትስ ዎች ሸልሞታል።

ከመድረክ ውጭም ድምፁን አሰማ። ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶች እንዲመለሱ ተሟገተ፤ ሙሶሊኒ ወደ ሮም ያስወሰደው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ጮኸ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ሲመለስ ጸጋዬ በሕይወት ነበር፤ ግን አገር ውስጥ አልነበረም። የኩላሊት ሕመም ጸንቶበት በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አሜሪካ ሄዷል። በዚያን ጊዜ የኩላሊት እጥበት ሕክምና በአገር ውስጥ አይገኝም ነበርና ስደቱ የሕክምና ስደት ነበር። ያ ሁሉ አማርኛ የፈለቀበት ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን ከአገሩ ርቆ ከሕክምና ማሽን ጋር ተቆራኝቶ አሳለፈ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ለምዕራብ ሸዋ የቀረው

ዛሬ ጸጋዬን የራሱ ለማድረግ የሚሻው ብዙ ነው። አንዱ በአባቱ ወገን ይጠራዋል፣ ሌላው በአማርኛ ቅኔው ይመካበታል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ እውነቱ የሚጎድለው አንዱ ሌላውን ሲያስወጣ ነው። ኦዳን ለዓለም ያስተዋወቀውና የአማርኛን ስንኝ ያስረዘመው አንድ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው ውስጥ ለመሸከም የከበደው ዘመን ቢኖር እንኳ ጸጋዬ ግን ሳይከብደው ኖሯል። በብዙ መንደር ወንድማማች ተጋጭቶ ማሳ ባዶ በሚያድርበት፣ ገበሬው ወደ ገበያ ለመውጣት መንገዱን በሚፈራበት ጊዜ ይህ ተራ የሥነ ጽሑፍ ክርክር አይደለም። ፐ ፑ ብሎ ያስጠነቀቀን ይህን ነበር።

ከሆለታ እስከ ጌዶ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በትምህርት ቤቶቹም ጸጋዬ ተውኔት መጻፍ በጀመረበት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች አሉ። እርሱ የጀመረው ትልቅ አዳራሽ፣ መብራትና መጋረጃ ኖሮት አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ መምህር፣ አንድ ክፍል፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚናገሩ ጥቂት ተማሪዎችና ለመስማት የሚቀመጥ ታላቅ ሰው ነው። በልጅነቱ ንጉሡ ሳይቀሩ ተቀምጠው ሰምተውት ነበር። አሁን በየትምህርት ቤቱ የሚጽፈውን ልጅ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ከቦዳ መስክ የተነሣው ሸንጎ አልተበተነም ማለት ነው።